በግንድ ላይ የቆመ ቤት፦ የሆላንድ የረድፍ ቤቶች መሠረትና የገዢው ዕዳ

ስለ ቤት ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በላይ ስለሚታየው አካል ነው። የግንባሩ ጌጥ፣ የመስኮቱ ስፋት፣ የጣሪያው አወራረድ በየዘመናቸው ተጠንተውና ተመድበው ይገኛሉ። ከመሬት በታች ያለው አካል ግን የሚታወሰው ግድግዳ ሲሰነጠቅና በር አልገጥም ሲል ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ መሐንዲሶች ስለሆንን፣ የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የቤት ዓይነት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ከወለል በታች ለመጀመር ወሰንሁ። የመረጥሁትም በኔዘርላንድ፣ በልማድ ሆላንድ በምንላት አገር፣ በከተማ ሰፈሮች ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙትን አነስተኛና አሮጌ የረድፍ ቤቶች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልሆነም። በዴልፍት ከተማ ከ1957 ጀምሮ የውኃ ምሕንድስና በሚያስተምረው ዓለም አቀፍ ተቋም ከሙያ ጓደኞቻችን ጥቂት የማይባሉት ተምረዋል፤ ይህ ጸሐፊም ከእነሱ አንዱ ነው። በዚያ የኖረ ሁሉ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለውን፣ ስፋቱ ከአምስት ሜትር እምብዛም የማይበልጠውን፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳ የሚሰማበትን ቤት አይረሳውም። ከመካከላችን ጥቂቶቹ እዚያው ሥራ ይዘው ቀርተዋል፤ ልጆች ወልደዋል፤ ዛሬ እነዚያኑ ቤቶች እየገዙ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የታሪክ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጥያቄ ነው፤ ይህን ቤት የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው?

መልሱ ከአፈሩ ይጀምራል። የምዕራብ ሆላንድ ከተሞች የተቆረቆሩት ከበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋትና ከለስላሳ የሸክላ ጭቃ በተደራረበ መሬት ላይ ነው። ሸክም ሊችል የሚችለው አሸዋ በአምስተርዳም ከባሕር ወለል በታች 12 ሜትር ያህል፣ በሮተርዳም ደግሞ ከ16 እስከ 18 ሜትር ያህል ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ የከተማው ሕዝብ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያደረገው ረጃጅም የጥድ ግንዶችን በጭቃው ውስጥ እያሳለፈ ጫፋቸውን በአሸዋው ላይ ማሳረፍ ነበር። በሙያችን ፓይል የምንለው ማለት ነው። በአምስተርዳም ዋና አደባባይ የሚገኘው፣ ግንባታው በ1648 የተጀመረውና ኋላ ቤተ መንግሥት የሆነው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ13,659 ግንዶች ላይ እንደቆመ የአገሬው ተማሪዎች ሁሉ በቃላቸው ይሉታል። ግንዶቹ ይመጡ የነበረው ከስካንዲናቪያና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ደኖች ነው። የእንፋሎት መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ግንዱን ወደ ታች ይነዱት የነበሩት ሠላሳና አርባ ሆነው ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው፤ ከባዱን የመምቻ ግንድ በአንድነት ወደ ላይ ስበው በአንድነት ይለቁታል። ጉተታውን የሚመራው አለቃ እየዘፈነ፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ነበር ይባላል። ይህን ያነበበ ደቦና የደቦ ዘፈን ከእኛ አገር ውጭ የለም ብሎ ሊከራከር አይችልም።

የግንዶቹ አደራደር በየከተማው ይለያያል። በአምስተርዳም ዘዴ ግንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተከላሉ፤ በየጥንዱ ራስ ላይ አጭር አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፤ በእሱም ላይ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍና የጡቡ ግድግዳ ከዚያ ይነሣል። በሮተርዳም ዘዴ ግን ግንዶቹ በአንድ ረድፍ ብቻ ይቆማሉ፤ በራሳቸው ላይ በግድግዳው ርዝመት አንድ ወፍራም አግዳሚ ይሄዳል። የሮተርዳሙ በእንጨት ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን አንድ ግንድ ቢደክም ጓደኛ የለውም። አንድ ግንድ የሚሸከመው 8 ቶን ያህል ነው ብንል፣ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለውን የጥንቃቄ ልዩነት አንባቢዬ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

በሁለቱም ዘዴ ግን የማይለወጥ አንድ ደንብ አለ። ግንዱና በላዩ ያለው እንጨት ሁሉ ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በታች መቆረጥ አለበት። እንጨት ዘወትር በውኃ ውስጥ ከተቀመጠ እንጨቱን የሚበላው ፈንገስ አየር ስለማያገኝ ሊኖር አይችልም፤ ግንዱም መቶዎች ዓመታት ይቆያል። ውኃው ወርዶ የግንዱ ራስ ለአየር ሲጋለጥ ግን መበስበስ ይጀምራል። ይህ በአንድ በጋ የሚሆን አይደለም፤ ደረቁ ጊዜ ለዓመታት ሲጠራቀም ነው ጉዳቱ የሚታየው። የድሮ ግንበኞች የባክቴሪያን ነገር ባያውቁም ይህን ሕግ አሳምረው ያውቁ ነበር። ግንዱን በውኃ ውስጥ አኖሩት፤ ነገር ግን ውኃው በቦታው እንዲቆይ ከማንም ጋር ውል አልተዋዋሉም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ በጎደለው ውል ላይ ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ የሚቀርቡት አሮጌ የረድፍ ቤቶች አብዛኞቹ የ17ኛው መቶ ዓመት ባለጸጎች ያሠሯቸው የቦይ ዳር ቤቶች አይደሉም። ከ1870 ገደማ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራተኛውና ለትንሹ ነጋዴ በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የአምስተርዳም ሕዝብ ከእጥፍ በላይ፣ የሮተርዳም ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ሮተርዳምን ከባሕር ጋር በቀጥታ ያገናኘው አዲሱ የውኃ መንገድ በ1872 ሲከፈት ከዜላንድና ከብራባንት ገጠር ገበሬው ሥራ ፍለጋ ወደ ወደቡ ጎረፈ። በ1874 የወጣው ሕግ ደግሞ ከተሞች የጥንት የመከላከያ ቅጥሮቻቸውን አፍርሰው ወደ ውጭ እንዲሰፉ አስቻለ።

እንዴት ይስፉ የሚለው ጥያቄ በሁለት የአምስተርዳም መሐንዲሶች ሥራ ሊታይ ይችላል። የከተማው መሐንዲስ ፋን ኒፍትሪክ በ1866 ሰፋፊ ጎዳናዎችና መናፈሻዎች ያሉበትን ውብ ፕላን አቀረበ። ፕላኑን ለመፈጸም ግን መሬቱን ከባለይዞታዎች መግዛት ያስፈልግ ስለነበር በዋጋው ምክንያት ተጣለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ የነበረው ካልፍ ያቀረበውና ሥራ ላይ የዋለው ፕላን ውበት አልነበረውም፤ አዲሶቹን መንገዶች በነባሮቹ የእርሻ ቦዮችና የይዞታ ድንበሮች ላይ አስኬዳቸው። ዛሬ በደ ፓይፕ ሰፈር የሚዘዋወር ሰው መንገዶቹ ለምን እንደዚያ ረጃጅምና ጠባብ ሆነው ጎን ለጎን እንደተዘረጉ ቢጠይቅ መልሱ የላም ግጦሽ ድንበር ነው። በእኔ አስተያየት ካልፍን ለመውቀስ ቀላል ነው፤ ባዶ ካዝና ይዞ ከተማ ማስፋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ መሐንዲስ ግን ፍርዱን ትንሽ ያዘገየዋል።

በእነዚያ መንገዶች ላይ የተካሄደውን ግንባታ ሆላንዶች ቃል በቃል ሲተረጎም «የአብዮት ግንባታ» በሚል ስም ይጠሩታል። አብዮት ሲባል የእኛ አንባቢ የሚያስበው ሌላ ነው፤ በዚያ ግን የተፋጠነው የገንዘብ ዙር ነበር። ገንቢው ቦታውን በብድር ይገዛል፤ አበዳሪው ገንዘቡን የሚለቀው ግንባታው ከፍ ባለ ቁጥር በየደረጃው ነው፤ የመጀመሪያው ወለል ሲነጠፍ ይህን ያህል፣ ሁለተኛው ሲነጠፍ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲለብስ ቀሪው። ቤቱ እንዳለቀ ወዲያው ለሌላ ይሸጣል። እንግዲህ በመሬት ውስጥ የሚቀበር ገንዘብ ክፍያን የሚያዘገይ ብቻ ስለሚሆን፣ ግንዱ እንዲያጥርና ቁጥሩ እንዲቀንስ፣ ኖራውም እንዲሳሳ የሚገፋፋው ራሱ የብድሩ አሠራር ነበር። ገንቢው ሁሉ ሌባ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን መሠረቱ ከተቀበረ በኋላ ማየት የማይቻል መሆኑን ገንቢውም፣ አበዳሪውም፣ ገዢውም ያውቁ ነበር። አንዳንዶቹ ቤቶች ገና በግንባታ ላይ ሳሉ ወድቀዋል።

ስለ ቤቱ ስፋትም አንድ ቃል ልጨምር። የሆላንድ ቤት ጠባብ የሆነው ግብር በግንባር ስፋት ይከፈል ስለነበር ነው የሚለው አነጋገር በአስጎብኚዎች ዘንድ የተወደደ ነው። የሠራተኛውን ሰፈር ለሚመለከት መሐንዲስ ግን የተሻለው ምክንያት የወለሉ ወራጅ ይመስለኛል። ወራጁ ከአንዱ የጋራ ግድግዳ ወደ ሌላው የጋራ ግድግዳ ይዘረጋል፤ ያለ መካከለኛ ድጋፍ በርካሽ የሚገኘው እንጨት ደግሞ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ብቻ ነው የሚያሻግረው። ከዚህ የተነሣ የጎዳናው ግንባር ቀላል መጋረጃ ሲሆን፣ ሸክሙን ተቀባዩ ሁለት ጎረቤቶች የሚጋሩት ግድግዳ ነው። በግድግዳው ሥር ያሉት ግንዶችም እንዲሁ የሁለቱ ናቸው። በዚህ ቤት ውስጥ «የእኔ መሠረት» የሚባል ነገር የለም።

የሠራተኛው ሰፈር ኑሮ አሳፋሪ መሆኑ በሐኪሞችና በማኅበራዊ ጉዳይ ተቆርቋሪዎች ተደጋግሞ ከተነገረ በኋላ፣ በፒርሶን መንግሥት ዘመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረው በጉማን ቦርኼሲዩስ አቅራቢነት የ1901 የቤቶች ሕግ ታወጀ። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶች የግንባታ ደንብ እንዲያወጡ አስገደደ፤ በማደግ ላይ ያሉ ከተሞችም የማስፋፊያ ፕላን እንዲኖራቸው ጠየቀ፤ ያለ ትርፍ የሚሠሩ የቤት ማኅበራትም ከመንግሥት ብድር እንዲያገኙ በር ከፈተ። በፊተኛውና በኋለኛው ክፍል መካከል የነበረው መስኮት አልባ የመኝታ ጓዳ ቀስ በቀስ የተከለከለው፣ ብርሃንና አየር፣ መጸዳጃና የእሳት መውጫ በቁጥር የተወሰኑት ከዚህ ሕግ ወዲህ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ሕጎች አንዱ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ደንቦቹ ስለ መሠረት ዝም አላሉም። ነገር ግን አንድ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ሊመለከት የሚችለው ግንዱ በተተከለበት ዕለት ያለውን ነው፤ የግንዱ ራስ ከውኃው በታች መቆረጡን አይቶ ይፈርማል። ከ60 ዓመት በኋላ ውኃው የት እንደሚሆን የፈረመ ባለሥልጣን አልነበረም። ስለዚህም ከሕጉ በኋላ በ1910ና በ1925 በጥሩ ደንብ የተሠሩ ቤቶች በመሠረት በኩል ሲታዩ ከሕጉ በፊት ከነበሩት ሁልጊዜ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም።

ውኃው ለምን ወረደ? ምክንያቶቹ ብዙ ሲሆኑ አንዳቸውም ከክፋት የመነጩ አይደሉም። በየጎዳናው ሥር የተቀበረው የፍሳሽ ቱቦ ሲያረጅና መገጣጠሚያው ሲላቀቅ የዙሪያውን የከርሰ ምድር ውኃ እየሳበ እንደ ማፍሰሻ ቦይ ያገለግላል። አሮጌ ቦዮች ለተሽከርካሪ መንገድ ሲባል ተደፍነዋል። በአንዳንድ ቦታ የረግረጉ መሬት ራሱ እየሟሸሸ ስለሚሰጥም የውኃው ከፍታ አብሮት ዝቅ እንዲል ይደረጋል። እንደ 2018ና 2022 ያሉ የድርቅ በጋዎች ደግሞ የቀረውን አከናወኑት። በሌላ በኩል የሰጠመውን ጎዳና ለማስተካከል በየጊዜው የሚደፋው አሸዋ ለስላሳውን አፈር ይጫነዋል፤ አፈሩ ሲወርድ በግንዱ ጎን ተጣብቆ ወደ ታች ይስበዋል። በመጽሐፎቻችን አሉታዊ ሰበቃ ብለን የምናጠናው ይህ ኃይል ለቤቱ ሸክም ብቻ በተሰላ ቀጭን ግንድ ላይ ሲጨመር፣ ግንዱ ሳይበሰብስም ቤቱ ይሰጥማል። ከዚህም ሌላ በውኃ ውስጥ እያለ እንኳ እንጨትን ቀስ በቀስ የሚያደክም ባክቴሪያ እንዳለ፣ በተለይም አንዳንዱን የጥድ ዓይነት እንደሚያጠቃ በሃርለምና በሌሎች ከተሞች ተረጋግጧል። በሸክላ አፈር ላይ ያለ ግንድ የተሠሩ ቤቶች ደግሞ አፈሩ በድርቅ ሲኮማተር ይሰነጠቃሉ፤ ይህ ለእኛ ለጥቁር አፈር ልጆች አዲስ ታሪክ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ቤት የሚያከራዩ ጥቃቅን ባለገንዘቦች ነበሩ። ባለሱቅ፣ ጡረታ የሚያስብ የእጅ ሙያተኛ፣ ባል የሞተባት ሴት ገንዘባቸውን በሁለት ወይም በሦስት ቤት ላይ ያውሉ ነበር። በ1917 የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ወጣ፤ በጀርመን ወረራ ዘመን ኪራይ በ1940 በነበረበት ታገደ፤ ከጦርነቱ በኋላም የተለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ቁጥጥሩ ተከራዩን ከዘረፋ አድኗል። ነገር ግን ለጥገና የሚተርፍ ገቢ ያልነበረው አከራይ ጣሪያውን እንኳ ሳያድስ ስለ ግንዱ ሊያስብ አይችልም ነበር። የሮተርዳም መሐል ከተማ ግንቦት 14 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ሲቃጠል በዙሪያው ያሉት የሠራተኛ ሰፈሮች ብዙዎቹ ተርፈው ስለነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ የቤት እጥረት በጸናበት ጊዜ እነሱን ማፍረስ የማይታሰብ ሆነ።

በ1970ዎቹ ዓመታት ነገሩ ተለወጠ። ሰፈሮቹን አፍርሶ ሰፋፊ መንገድና መሥሪያ ቤት ለማቆም የታቀደውን ዕቅድ ነዋሪዎቹ ተቃወሙ። ቀድሞ ኬክ ጋጋሪ የነበረውና ከደ ፓይፕ ሰፈር የነዋሪዎች እንቅስቃሴ የተነሣው ያን ስኻፈር ከ1973 እስከ 1977 የቤቶች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር፣ ከ1978 እስከ 1986 ደግሞ የአምስተርዳም ከተማ አስተዳደር አባል ሆኖ የከተማ እድሳትን ሥራ ለነባሩ ነዋሪ አዞረው። በሮተርዳምም ማዘጋጃ ቤቱ ከግል አከራዮች በብዛት እየገዛ አሳደሰ። በዚያው ወቅት የቀሩት አከራዮች ቤቶቻቸውን በየፎቁ እየከፋፈሉ መሸጥ ጀመሩ። ገዢዎቹ እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ የኪራይ ቤት ተራ ያልደረሳቸው፣ ወይም ተራ እንዲይዙ ያልተፈቀደላቸው ከቱርክ፣ ከሱሪናምና ከኬፕ ቨርዴ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በውድ ብድር የገዙት ፎቅ የመቶ ዓመት የጥገና ውዝፍ የተጠራቀመበት ነበር። ሆላንዶች እነዚህን ሰዎች «የችግር ገዢዎች» ይሏቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ከመቶ የሆላንድ ቤቶች 28ቱ ብቻ በባለቤቶቻቸው ይኖርባቸው ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በላይ ናቸው። የመሠረቱ ኃላፊነትም በዚሁ መጠን ከአከራይና ከማኅበር ወደ ተራው ቤተሰብ ተሸጋገረ ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ በሮተርዳም ደቡባዊ ሰፈር የአንድ ወገናችንን የቤት ግዢ በቅርብ ለመከታተል ዕድል ገጥሞታል። ሰውዬው በወደብ የጥገና ቴክኒሻን፣ ባለቤቱ ደግሞ የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። በመጀመሪያ የወደዱት ከሕጉ ጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራ፣ ምድር ቤትና ፎቅ ያለው ጠባብ ቤት ነበር። የመሠረት ምርመራ እስኪደረግ ውሉ እንዳይጸና የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገብተው ዋጋ አቀረቡ። ቤቱ በሳምንቱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለቀረበ ሌላ ገዢ ተሸጠ። ይህ የግል ዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገዢ በበዛበት ገበያ ጠያቂው ይሸነፋል፤ የማይጠይቀው ያሸንፋል፤ ስለዚህም ጥያቄው ሳይጠየቅ ቤቱ እንደገና እጅ ይለውጣል።

የግዢው ሥርዓት ራሱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው ሊባል ይችላል። ከ2003 ጀምሮ የግል ቤት ገዢ ውሉን ከፈረመ በኋላ ያለ ምክንያት ሊተው የሚችልበት የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለው። ርክክቡ የሚፈጸመው በውል አዋዋይ ፊት ነው፤ ከዚያም ከ1832 ጀምሮ አገሪቱን በቁራሽ ሳይቀር በመዘገበው የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገዢው ስም ይሰፍራል። የይዞታው ወርድና ቁመት፣ የተያዘበት ዕዳ፣ የጎረቤት የመተላለፊያ መብት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት የመናገር፣ ገዢውም የመመርመር ግዴታ አለባቸው። ለአሮጌ ቤት በሚጻፈው ውል ግን አንድ የተለመደ አንቀጽ ይጨመራል። ቤቱ ዕድሜው የገፋ በመሆኑ መሠረቱን፣ ቱቦውንና ወለሉን በሚመለከት ከአዲስ ቤት ያነሰ ነገር እንደሚጠበቅ ገዢው ያውቃል ይላል። ሦስት መስመር የማይሞላው ይህ አንቀጽ ከላይ የተረከውን የመቶ ዓመት ታሪክ ጠቅልሎ ለመጨረሻው ፈራሚ ያስረክባል።

ወዳጃችን ሁለተኛ ቤት ሲያገኝ አብረን ሄድን። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያየው ወጥ ቤቱን ሳይሆን የግንባሩን ጡብ ነው። ግንበኛው በዘመኑ እያንዳንዱን የጡብ ድርድር በውኃ ልክ አስተካክሎ ነበር ያስቀመጠው፤ ስለዚህ አንዱን የኖራ መስመር መርጦ ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ በሌቭል መሣሪያ የሚለካ ሰው፣ የትኛው ግድግዳ ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ያነባል። የሞተው ግንበኛ ለእኛ የመለኪያ መነሻ ትቶልናል። ሮተርዳምና አምስተርዳም በብዙ ግንባሮች ላይ የብረት መለኪያ ብሎኖች ተክለው ከፍታቸውን በየጊዜው ስለሚመዘግቡ፣ ቤቱ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰጥምም ማወቅ ይቻላል። አንድ ረድፍ እኩል ከወረደ አደጋው ትንሽ ነው፤ የሚሰብረው አንዱ ወርዶ ሌላው ሲቀር ነው። ከዚያ ቀጥሎ በበሩ ኋላ ያለውን የወለል መክደኛ አንሥቶ ወደ ጠባቡ ባዶ ቦታ መግባት፣ ሽታውንና እርጥበቱን፣ የወራጆቹንም ጫፍ መመልከት ያሻል።

ቁርጠኛው ምርመራ ግን ቁፋሮ ነው። በግድግዳው አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውኃው በፓምፕ እየተቀዳ ጥቂት የግንድ ራሶች ይገለጣሉ። በተወሰነ ኃይል የሚወረወር መርፌ እንጨቱን ስንት ሚሊሜትር እንደሚወጋው ይለካል፤ ለስላሳው ውጫዊ ክፍል ስንት እንደሆነ፣ ጤነኛው እምብርት ስንት እንደቀረ ይታወቃል። ናሙና ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሪፖርቱ በመጨረሻ የሚሰጠው ፍርድ በዓመት የሚቆጠር ነው፤ ይህ መሠረት ያለ ከባድ ሥራ ለ25 ዓመት ይበቃል፣ ወይም ለ15፣ ወይም አሁኑኑ ይታደስ ይላል። የሁለተኛው ቤት ሻጭ ለመላው ረድፍ የተደረገ የቀድሞ ሪፖርት ነበረው፤ ከተሰጠው ዕድሜ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ቀርተዋል። ወዳጃችን ሪፖርቱን ይዞ ስለ ዋጋው ተነጋገረ፤ የተወሰነ ተቀነሰለትና ገዛ። ባለቤቱ በሦስቱ የማሰቢያ ቀናት ውስጥ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ወንድሜ፣ ቤቱ በልጆቹ ላይ ይወድቃል ወይ?» አለችኝ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ከመውደቃቸው ብዙ ዓመት አስቀድመው በስንጥቅና በማይዘጋ በር እንደሚናገሩ ነገርኋት፤ የሚያስፈራው ገንዘቡ እንደሆነም አልደበቅኋትም።

ምን ያህል ገንዘብ? የእድሳቱን አሠራር ለሚያውቅ ዋጋው አያስደንቅም። የምድር ቤቱ ወለል በሙሉ ይነሣል። አጫጭር የብረት ቱቦዎች እየተበየዱ እየተቀጠሉ በቤቱ ውስጥ በጃክ እየተገፉ እስከ አሸዋው ይወርዳሉ፤ በኮንክሪት ይሞላሉ። በግድግዳው ሥር ጎድጓዳ ቦታዎች በተራ ይቦረቦራሉ፤ ከዚያም በብረት የተጠናከረ የኮንክሪት ወለል ጫፎቹ ወደ ጎድጓዳዎቹ ገብተው ግድግዳውን እንደ ጠረጴዛ እንዲሸከሙት ሆኖ ይፈሳል። አሮጌዎቹ ግንዶች በቦታቸው ሥራ ፈትተው ይቀራሉ። ቤተሰቡ ለወራት ሌላ ቦታ መኖር አለበት፤ ወጥ ቤትና ወለል እንደገና ይሠራል። ለአንድ ቤት እስከ 100,000 ዩሮ የሚደርስና አንዳንዴም የሚያልፍ ወጪ ነው፤ የቤት መድን ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉዳት በተለምዶ አይሸፍንም።

ወጪው ለብቻ ሊከፈል ቢችል እንኳ ሥራው ለብቻ አይሠራም። አንዱ ጎረቤት ቤቱን በብረት ቱቦ ላይ አሳርፎ ሌላው በበሰበሰ ግንድ ላይ ቢቆይ፣ ያልታደሰው መስጠሙን ሲቀጥል የጋራው ግድግዳ ይቀደዳል። ስለዚህ ረድፉ እንደ አንድ ሕንፃ ተቆጥሮ በአንድነት ሊታደስ ይገባል። አንዱ ባለቤት ጡረተኛ ነው፤ አንዱ ትናንት የገዛ ነው፤ አንዱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ከተማ ይኖራል፤ አንዱ ብድር አያገኝም። ዛንስታድና ዶርድሬክትን የመሳሰሉ ከተሞች ከብዙ ዓመታት በፊት የጀመሩት ጥረት እነዚህን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማስቀመጥ ነበር፤ የምሕንድስናው ሥራ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው።

ውኃውስ የማን ነው? በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለማዘጋጃ ቤቶች የከርሰ ምድር ውኃ የመንከባከብ ኃላፊነት ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ኃላፊነቱ የጥረት እንጂ የውጤት አይደለም፤ በሕዝብ ቦታ ላይ፣ ጠቃሚና ተገቢ በሆነ መጠን የሚል ገደብ አለው። በራሱ ቁራሽ መሬት ላይ ላለው ውኃ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ቱቦው የማዘጋጃ ቤቱ፣ የቦዩ ከፍታ የውኃ ቦርዱ፣ ዝናቡ የሰማዩ፣ ግንዱ ግን የገዢው ሆኖ ተደልድሏል። የአካባቢና የመሠረተ ልማት ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤቱ በየካቲት 2024 ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት እስከ 2035 ባለው ጊዜ 425,000 ያህል ሕንፃዎች የመሠረት ጉዳት እንዳለባቸው ወይም እንደሚደርስባቸው፣ ወጪውም ወደ 54 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚሆን ገምቷል፤ መንግሥትም ወጪውን ከባለቤቶቹ ጋር እንዲጋራ መክሯል። በእኔ አስተያየት ምክሩ ትክክል ነው። ግንዱን ያደረቀው ውኃ በአንድ ቤተሰብ ውሳኔ አልወረደምና።

የወዳጃችን ረድፍ ስምንት ቤቶች አሉት። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ አምስቱ ባለቤቶች ለጋራ አዲስ ምርመራ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ሁለቱ ጊዜ ጠይቀዋል፤ አንዱ ለደብዳቤው መልስ አልሰጠም። በግንባሩ ላይ ያለው የመለኪያ ብሎን ባለፈው ዓመት ሁለት ሚሊሜትር ወርዶ ተገኝቷል፤ የሚቀጥለው ልኬት በመጸው ይደረጋል።